ከደብረ ብርሃን መሃል ሜዳ ሞገዱ ይደርሳል፣ ቃሉ ግን አይለይም፦ በአጭር ሞገድ ኤኤም ድምፅ ላይ ምክራችሁን

የውርጭ_ሞገድ | ደብረ ብርሃን | ጥቅምት 28

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እስካሁን አንባቢ ሆኜ ነው የቆየሁት፤ ዛሬ ግን የሚያውቅ ሰው ምክር አስፈልጎኛል።

የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አለኝ። ማሰራጫዬን በእጄ ነው የሠራሁት፤ 10 ዋት ተሸካሚ ሞገድ (ድምፁ የሚጫንበት ባዶ ሞገድ) ያወጣል፣ በኤኤም ነው የሚሠራው። መጨረሻው ላይ ያለው ትራንዚስተር አይአርኤፍ510 ነው፤ በ12 ቮልት 1 አምፔር ትንሽ አለፍ ብሎ ይስባል። አንቴናው ለ7.1 ሜጋኸርዝ የተለካ 20 ሜትር ዳይፖል (ከመሃሉ ለሁለት የተከፈለ የሽቦ አንቴና) ሲሆን በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል 8 ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ካለ ባለፈቃድ ወዳጄ ጋር እንገናኛለን። ዝቅ ያለ ዳይፖል ሞገዱን ሽቅብ ነው የሚልከው። ከላይ ተመልሶ ሲወርድ አዲስ አበባንም መንዝንም ያዳርሳል፤ የጣርማ በር ገደል አያግደውም። ስለዚህ በመድረስ በኩል ችግር የለብኝም።

ችግሬ ቃሉ ነው። መሃል ሜዳ ያሉት አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ማሰራጫ የላቸውም፤ በባትሪ ሬዲዮ ያዳምጡንና ሲያበቃ በስልክ ይደውላሉ። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ዝግጅት በ1965 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ወዲህ አጭር ሞገድ ሲሰሙ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ጆሯቸው የሠለጠነ ነው። ባለፈው ሳምንት እንዲህ አሉኝ፦ «ድምፅህ ገብቷል፣ ደስ ብሎኛል። ግን ግማሹን ቃል የምጨርሰው እኔ ነኝ።»

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ ከወዳጄ ጋር በምንነጋገርበት ሰዓት 20 ቃላት ለየብቻ፣ ያለ ዐረፍተ ነገር አነበብኩ፤ አጎቴ ጻፉ። 9 ብቻ ነው ያገኙት። «ፈላ» ስል «ሰላ»፣ «ሳቀ» ስል «ፋቀ»፣ «ቀዳ» ስል «ከዳ» ብለው ጽፈዋል። ከሁሉም ያሳዘነኝ «ይሰማል» ነው። ላልቶ ሲነገር «እሱ ይሰማል» ነው፣ ጠብቆ ሲነገር «ድምፁ ይሰማል» ነው። በእኔ ማሰራጫ ሁለቱም «ይ…ማል» ሆነው ነው የደረሱት። ሬዲዮ ላይ ሁሌ የምንጠይቀው ጥያቄ ራሱ ሳይሰማ መቅረቱ ነው።

ድምፁን ሞገዱ ላይ የምጭነው እንዲህ ነው፦ ኤሌክትሬት ማይክ፣ ትንሽ ቅድመ ማጉያ፣ በ30 ቮልት የሚሠራ የቲዲኤ2030 ማጉያ፣ ከዚያ በኃይል ሰጪ ውስጥ የነበረ 12-0-12 ትራንስፎርመር። አንዱ 12 ከማጉያው ጋር፣ ሌላው 12 ወደ መጨረሻው ትራንዚስተር በሚሄደው የኃይል መስመር ላይ በተከታታይ ተያይዟል። ኃይሉን ወደ 14 ቮልት ከፍ አድርጌ ሞከርኩ፤ አጎቴ ልዩነት የለውም አሉ። ከየት ልጀምር?

---

እታገኝ_ሳውንድ | ደብረ ብርሃን | ጥቅምት 28

እንኳን ጻፍክ ወንድሜ። እኔ የሬዲዮ ሰው አይደለሁም፤ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሚኒ ሚዲያ ነበርኩ፣ አሁን በሠርግና በበዓል ሞንታርቦና ሚክሰር ይዤ ነው የምሠራው። የማውቀውን ልንገርህ።

ማሰራጫውን ለጊዜው አጥፋውና ማይኩን በቀጥታ ስልክህ ላይ ቅዳ። ከዚያ በጆሮ ማዳመጫ ስማው። «ፈላ» እና «ሰላ» እዚያ ላይ ካልተለዩ አንቴናውም ትራንስፎርመሩም ተጠያቂ አይደሉም።

የምትናገርበት ክፍል ምን ዓይነት ነው? የሲሚንቶ ወለል፣ ልሙጥ ግድግዳ፣ ከላይ ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ እያንዳንዱ ቃል ጅራት ያበቅላል፤ ያ ጅራት በሚቀጥለው ፊደል ላይ ይወድቃል። በሁለት ጆሮ ስንሰማ አእምሯችን የክፍሉን ማስተጋባት ይለየዋል። በአንድ ማይክ አልፎ በአንድ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ሲወጣ ግን ሁሉም ተደራርቦ ነው የሚመጣው። የስፖንጅ ግድግዳ ግዛ አልልህም። የመንዝ ባና ካለህ እሱን ስቀል። በበግ ፀጉር የተሠራ፣ ከባድና ሸካራ ስለሆነ ጥሩ አድርጎ ድምፅ ይውጣል። ግድግዳው ላይ አትለጥፈው፤ አንድ ጋት ያህል ራቅ አድርገህ ስቀለው፣ ከኋላው አየር ሲኖር ይበልጥ ይሠራል። ሁለት ባና፣ አንዱ ከፊትህ አንዱ ከጀርባህ። እኔ በዚህ መንገድ ለአንድ የልጆች ተረት ቀረጻ አድርጌያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላማረኝም።

ማይኩን ከአፍህ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አርቀው፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው። የኛ ቋንቋ ጰ፣ ጠ፣ ጨ፣ ቀ አለው፤ እነዚህ ፊደሎች ይፈነዳሉ። ማይኩ አፍህ ላይ ከተደቀነ ፍንዳታው ቀጥሎ የሚመጣውን አናባቢ ይበላዋል።

---

ቫልቭ_ወዳጅ | ሸዋ ሮቢት | ጥቅምት 29

እህታችን ያለችው ሁሉ ትክክል ነው፣ በመጀመሪያ እሱን ጨርስ። እኔ ግን ትራንስፎርመሩ ላይ ዓይኔ ወደቀ።

12-0-12 ትራንስፎርመር ለተለዋዋጭ ኃይል ብቻ ነው የተሠራው፤ ብረቶቹ ያለ ክፍተት ተጠላልፈው ነው የተደረደሩት። አንተ ግን በአንዱ ጥቅል ውስጥ 1 አምፔር ቀጥተኛ ኃይል ያለማቋረጥ እያሳለፍክ ነው። ብረቱ በዚያ ብቻ ይሞላል። ከዚያ ድምፅ ሲመጣ ለአንዱ አቅጣጫ ቦታ አለ፣ ለሌላው የለም። ወፍራሙ ድምፅ ቀድሞ ይበላሻል፣ ሲበላሽም በሌለበት ቦታ ሻካራ ድምፅ ይፈጥራል፤ ያ ሻካራ ነው ስስ የሆኑትን ስና ፍ የሚሸፍናቸው።

ደግሞ አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቅ። ባዶ የተውከው የ220 ጎን አለ አይደል? በ12 ቮልቱ ጎን 8.5 ቮልት ድምፅ ስታስገባ በዚያኛው ጫፍ 150 ቮልት አካባቢ ይወጣል። ጫፎቹን ለየብቻ ሸፍናቸው። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ዛሬውኑ።

አሁን ስሌቱን እንየው። 12 ቮልት በ1 አምፔር 12 ዋት ግብዓት ነው፤ መቶ በመቶ ለመጫን ግማሹ፣ 6 ዋት ንጹሕ ድምፅ ያስፈልጋል። ማጉያው የሚያየው መቋቋም 12 ሲካፈል ለ1፣ ማለትም 12 ኦም ነው። ትራንስፎርመርህ 1 ለ1 ነው የሚሠራው። ታዲያ 1 ለ1 ከሆነ ለምን አስፈለገ? አውጣው። በምትኩ በኃይል መስመሩ ላይ ቾክ (በብረት ላይ የተጠቀለለ ሽቦ) አስገባና ማጉያውን በ2200 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከቾኩ በኋላ በቀጥታ አገናኘው። ቾኩ ቀጥተኛውን ኃይል ያሳልፋል፣ ድምፁን ግን ወደ ኃይል ሰጪው እንዳይሸሽ ይከለክላል። የማጉያው መውጫ 15 ቮልት ላይ ነው የሚያርፈው፣ መስመሩ 12 ላይ፤ ስለዚህ የካፓሲተሩ ፖዘቲቭ ወደ ማጉያው ይዙር። ይህ ዘዴ ከቫልቭ ዘመን ጀምሮ ሄይዚንግ እየተባለ የሚጠራው ነው።

ቾኩን ከየት? የፍሎረሰንት መብራት ባላስት ክፍተት አለው፣ ግን የሽቦው መቋቋም ለ12 ቮልት ይበዛል። ያረጀ ትልቅ ትራንስፎርመር (5 አምፔር የሚሰጥ) ፈልግ፣ ብረቶቹን ፍታ፣ የኢ ቅርጽ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ወገን፣ የአይ ቅርጾቹን በሌላ ወገን ደርድርና መካከላቸው ወፍራም ወረቀት አስገባ። ሁለቱን 12 በተከታታይ ተጠቀም። የ220 ጫፎቹን እዚህም ሸፍን። 60 ሚሊሄንሪ ካገኘህ በ100 ኸርዝ 38 ኦም ያህል ይሆናል፣ ከ12ቱ ኦም ከሦስት እጥፍ በላይ። ለንግግር ይበቃል።

---

የውርጭ_ሞገድ | ደብረ ብርሃን | ኅዳር 3

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። የ220ውን ጫፍ በዚያው ምሽት ሸፈንኩ፤ የሦስት ዓመት ልጅ አለኝ።

በስልክ የቀዳሁት ድምፅ መጥፎ ነበር። ማይኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሁለት ክንድ ርቄ ነበር የምናገረው፣ ኮርኒስ በሌለው ክፍል። እናቴ ሁለት ባና ሰጠችኝ። ባናውን ሰቅዬ፣ ማይኩን አቅርቤ ዳግመኛ ስቀዳ የራሴን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ ድምፁ ሞገዱ ላይ የተጫነበትን ልክ ለማየት ቀጠልኩ። ርካሽ የእጅ ኦሲሎስኮፕ (የሞገድን ቅርጽ የሚያሳይ መሣሪያ) ነው ያለኝ፣ 7 ሜጋኸርዝን አያይም። ስለዚህ ማሰራጫውን ወደ ደሚ ሎድ (በአንቴና ፈንታ ኃይሉን የሚውጥ መቋቋሚያ) አገናኝቼ፣ ከአሮጌ ሬዲዮ ባወጣሁት 1ኤን60 ዳዮድ የሞገዱን ልብስ (ከድምፁ ጋር ከፍ ዝቅ የሚለውን ጠርዙን) ብቻ አውጥቼ አየሁት። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል 0.35 አካባቢ ደርሶ ከዚያ አይጨምርም፤ ማጉያውን ስከፍት የታችኛው ጎን ይደፈጠጣል። ቫልቭ ወዳጅ እንዳለው ብረቱ ሞልቶ ነው።

---

ቫልቭ_ወዳጅ | ሸዋ ሮቢት | ኅዳር 3

0.35! አሁን ገባኝ። ይህን ለሌሎች አንባቢዎችም ልተንትነው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ጋ ነውና።

ቃል የሚጓዘው በተሸካሚው ሞገድ አይደለም። በሁለቱ ጎን ባንዶች ነው፣ ድምፁ ሲጫን ከተሸካሚው ግራና ቀኝ በሚፈጠሩት። 10 ዋት ተሸካሚ መቶ በመቶ በአንድ ቃና ሲጫን ጎን ባንዶቹ በድምሩ 5 ዋት ይይዛሉ። በ30 በመቶ ሲጫን ግን 0.45 ዋት ብቻ። ስሌቱ የጭነቱ ካሬ ሲካፈል ለሁለት ነው፣ ስለዚህ ጭነቱ ትንሽ ሲወርድ ቃሉ በብዙ ይወርዳል። አንድ ሰው 100 ዋት ማሰራጫ ገዝቶ በ30 በመቶ ቢጭነው 4.5 ዋት ቃል ነው የሚልከው፤ ያንተ 10 ዋት መቶ በመቶ ቢጫን ይበልጠዋል። ኃይሉን ወደ 14 ቮልት ስታነሣ አጎትህ ልዩነት ያላገኙት ለዚህ ነው። ከፍ ያደረግከው ዝምታውን ነው።

በሌላ ወገን ከመቶ አትለፍ። ወደ ታች ሲጫን ሞገዱ ዜሮ ላይ ከደረሰ በኋላ የሚሄድበት ቦታ የለም፤ ይቆረጣል። ቁርጡ ጎረቤት ፍሪኩዌንሲ ላይ ሁሉ ይረጫል። ወደ ላይ ግን ቦታ አለ፤ የአሜሪካ ደንብ ለመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች እስከ 125 በመቶ ይፈቅዳል። የሰው ድምፅ ደግሞ ሁለት ጎኑ እኩል አይደለም፣ አንዱ ጎን ይረዝማል። ረጅሙ ጎን ወደ ላይ እንዲሆን የማይኩን ምልክት አንዴ ገልብጠህ አወዳድር። ምንም ወጪ የለውም።

ቾኩን ከገጠምክ በኋላ የላይኛው ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ካየኸው አይአርኤፍ510ን የሚነዳው ምልክት አንሶ ነው፣ ያን ከፍ አድርግ።

---

የሰላ_ድንጋይ_ልጅ | ኅዳር 4

ጥሩ ውይይት ነው። እኔም እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ ለቀበሌያችን የበዓል መዝሙርና የገበያ ዋጋ ማስተላለፍ እፈልጋለሁ። 10 ዋት ይበቃል ማለት ነው?

---

ሁለተኛው_ጫፍ | አዲስ አበባ | ኅዳር 4

ወንድሜ፣ ሐሳብህ መልካም ነው፤ ግን በዚህ መንገድ አይሆንም፣ እንዳትጎዳ ብዬ ነው የምነግርህ። የአማተር ፈቃድ ለመነጋገርና ለሙከራ ነው። ሙዚቃ ማሰራጨት፣ ለሕዝብ ፕሮግራም ማቅረብ አይፈቀድም። የሞገድ አጠቃቀም ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለሕዝብ ስርጭት ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 አለ፤ የማኅበረሰብ ሬዲዮ በዚያ በኩል ነው የሚጠየቀው። የቀበሌህን ሰዎች ሰብስበህ በዚያ በር ግባ። ስለ ድምፅ ጥራት እዚህ የተማርከው ሁሉ ለዚያም ይጠቅምሃል።

ወደ ክሩ ልመለስ። ቅዳሜ ከየውርጭ ሞገድ ጋር የምነጋገረው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ዕለት በኮምፒዩተር መቀበያ ስፋቱን አየሁት። ወዳጄ፣ 14 ኪሎኸርዝ ይዘሃል። ድምፅህ ውስጥ እስከ 7 ኪሎኸርዝ የሚሄድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ኤኤም ከድምፁ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ እጥፍ ነው የሚሰፋው። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ንግግር እንኳ አይደለም፣ የዚያ ትራንስፎርመር ሻካራ ነው።

እኛ ያለነው በዓለም አቀፉ ክፍፍል ሬጅን 1 (አፍሪካና አውሮፓ ያሉበት ክፍል) ውስጥ ነው። ከ7.0 እስከ 7.2 ሜጋኸርዝ የአማተር ነው፣ ከዚያ በላይ የትልልቅ ስርጭቶች ነው። አሜሪካኖቹ 7.290 ላይ ኤኤም ሲያወሩ አይተህ እንዳትሄድ፣ ለእኛ የተዘጋ ነው። የሬጅን 1 የባንድ ዕቅድ በ40 ሜትር (በዚሁ በ7 ሜጋኸርዝ ባንድ) ላይ የንግግርን ስፋት 2.7 ኪሎኸርዝ ብሎ ይወስናል፤ ኤኤምን የሚፈቅደው ጎረቤትን እስካሰበ ድረስ ነው። ስለዚህ ድምፅህን በሹል ፊልተር 3.5 ኪሎኸርዝ ላይ ቁረጠው። 7 ኪሎኸርዝ ስፋት ጠዋት ባንዱ ባዶ ሲሆን ማንንም አይነካም። የአድማጩ ሬዲዮም ቢሆን ከ4 ወይም 5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን አይሰጠውም።

---

የውርጭ_ሞገድ | ደብረ ብርሃን | ኅዳር 4

3.5 ላይ ከቆረጥኩ ስ እንዴት ይሆናል? የስ ጉልበት ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ስልክ ላይ ስና ፍ የሚምታታውም ለዚህ ነው። ጎረቤት ላክብር ብዬ አጎቴን ላጣ ነው?

---

እታገኝ_ሳውንድ | ደብረ ብርሃን | ኅዳር 5

ይህን ጥያቄ ወደድኩት፤ የዚህ ሁሉ ሥራ ልቡ እዚህ ነው።

አዎ፣ የስ አብዛኛው ጉልበት ከላይ ነው። የሸ ግን ዝቅ ብሎ ከ2.5 እስከ 4 ውስጥ ስላለ ይተርፋል። ፍ ደግሞ ከመነሻውም ደካማ ነው። 3.5 ላይ ስትቆርጥ ስ ጫፉን ብቻ ነው የሚያስቀር፣ ያ ጫፍ በአድማጩ ሬዲዮ ጫጫታ ውስጥ ይሰምጣል። መፍትሔው የቀረውን ጫፍ ማንሣት ነው። ከ2 እስከ 3.5 ኪሎኸርዝ ያለውን በኢኮላይዘር 6 ዴሲቤል ያህል ከፍ አድርገው፤ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ደግሞ አውጣው። ከ100 በታች ያለው የጠረጴዛ መንኳኳት፣ የነፋስና የመብራት ድምፅ ነው፤ ጭነቱን ይበላል እንጂ ቃል አይጨምርም። ከ200 እስከ 400 ያለውን ትንሽ ዝቅ አድርግ፣ ክፍሉ የሚያጉረመርመው እዚያ ነው።

ብዙ ወንዶች በሚክሰሬ ፊት ቆመው «ድምፄን ወፍራም አድርጊልኝ» ይሉኛል። አዳራሽ ውስጥ አደርግላቸዋለሁ። በአጭር ሞገድ ግን ወፍራም ድምፅ ማለት ከ10 ዋትህ ላይ የሚቀነስ ቃል ነው።

---

ጎላ_ይበል | ኅዳር 5

ይህ ሁሉ ለምን? አንድ ጠንካራ ኮምፕሬሰር (ጮክ ያለውንና ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚያቀራርብ) አስገባ፣ እስከ ጥግ ጫነው። የኤፍኤም ጣቢያዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ድምፅህ ሁሌ ከላይ ይሆናል፣ አጎትህም ይሰማሉ።

---

እታገኝ_ሳውንድ | ደብረ ብርሃን | ኅዳር 5

ወንድሜ፣ ትንሽ ኮምፕሬሰር እኔም እደግፋለሁ። እስከ ጥግ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱ ቋንቋችን ነው።

አማርኛ ዝምታ ውስጥ ትርጉም ያስቀምጣል። «ቀ» ወይም «ጠ» ስትል አፍህ ይዘጋል፣ ለቅጽበት ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ፊደሉ ሲጠብቅ ጸጥታው ይረዝማል። ጆሮ ጠበቀ ላላ ብሎ የሚለየው በዚያ ጸጥታ ርዝመት ነው። ከፍተኛ ኮምፕሬሰር ጸጥታ ባገኘ ቁጥር ማጉያውን ይከፍታል፤ የክፍሉ ድምፅ፣ የማይኩ ፉጨት፣ የውጭው ውሻ ሁሉ ያን ክፍተት ይሞላዋል። ክፍተቱ ሲሞላ «ቀዳ» «ከዳ» ይሆናል። የተናጋሪው ድምፅ ጮክ ብሏል፤ አድማጩ ግን ቃል ጎድሎበታል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ቀስ ብሎ የሚለቅ ኮምፕሬሰር፣ 3 ለ1፣ ከፍተኛው ላይ 6 ዴሲቤል ብቻ የሚጫን። ከእሱ በኋላ ፈጣን ሊሚተር፣ እሱ ፍንዳታዎቹን ብቻ ይይዛል። ሁለቱን ሥራ ለአንድ መሣሪያ አትስጥ።

---

ቫልቭ_ወዳጅ | ሸዋ ሮቢት | ኅዳር 5

ከሊሚተሩ በኋላ የ3.5ቱ ፊልተር ይምጣ። ሊሚተር ሲቆርጥ አዲስ ቅጥነት (ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ) ይፈጥራል፤ ፊልተሩ ከፊት ከሆነ ያ ሁሉ ወደ አየር ይወጣል። እታገኝ ያለችውን እኔ በቴክኒክ ቋንቋ እንኳ እንዲህ መግለጽ አልችልም ነበር።

---

መስመር_ፈታሽ | ደብረ ሲና | ኅዳር 8

የጉርምርምታ ነገር አልተነሣም፤ በአጭሩ ልበል። ከጀርባ «እምም» ካለ መጀመሪያ ማሰራጫውን በባትሪ አስነሣው። ከጠፋ ከኃይል ሰጪው ነው። የሙሉ ሞገድ ማስተካከያ የሚተወው 100 ኸርዝ ነው፣ ለእሱ የካፓሲተር መጠን ጨምር። 50 ኸርዝ ከሆነ ገመድ ወይም መሬት ነው። በአንቴናው ስታሰራጭ ብቻ የሚመጣ፣ ደሚ ሎድ ላይ የሚጠፋ ጉርምርምታ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሞገዱ ወደ ኃይል ሰጪው ዳዮዶች ተመልሶ ገብቶ ነው። በእያንዳንዱ ዳዮድ ላይ 10 ናኖፋራድ ሴራሚክ ጨምር። ስትናገር ድምፁ የሚንፈቀፈቅ ከሆነ ሞገዱ በማይኩ ገመድ እየገባ ነው፦ የአንቴናውን ገመድ ከዳይፖሉ መሃል ሥር ፌራይት ላይ 10 ዙር ጠቅልለው፣ የማይኩ መግቢያ ላይ 1 ኪሎ ኦም በተከታታይና 100 ፒኮፋራድ ወደ መሬት አድርግ።

---

የመምህሩ_የልጅ_ልጅ | መሃል ሜዳ | ኅዳር 10

ጤና ይስጥልኝ። አያቴ ክሩን በስልኬ አንብቤላቸው ይህን ጻፍ ስላሉኝ ነው፤ የሚከተለው የእሳቸው ቃል ነው።

«ልጆች፣ ስለ እኔ ጆሮ ይህን ያህል መድከማችሁን አይቼ ተደስቻለሁ። ከአድማጭ ወገን ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ማታ ከመሸ በኋላ በ7 ሜጋኸርዝ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ከትልልቆቹ ጣቢያዎች ሳይቀር። የምድር የማግኔት ወገብ በኛ በኩል ስለሚያልፍ ከፀሐይ ግባት በኋላ የላይኛው አየር ይረበሻል። ስለዚህ ማታ ሞክረህ ድምፄ ተበላሸ ብለህ ማሰራጫህን አትፍታ። ጠዋት ሞክር። ሁለተኛ፣ አንዳንዴ ድምፁ ድንገት ይንኮሻኮሻል፤ ተሸካሚው ሞገድ ለብቻው ሲደክም ነው። የልጅ ልጄ የገዛልኝ ሬዲዮ ኤስኤስቢ (ያለ ተሸካሚ፣ በአንድ ጎን ባንድ ብቻ የሚመጣ ድምፅ መቀበያ) አለው። ያን ጊዜ ወደ እሱ አዙሬ ፉጨቱ እስኪጠፋ በቀስታ አስተካክላለሁ፤ ሬዲዮው የራሱን ተሸካሚ ስለሚሰጠው ቃሉ ይመለሳል። ሬዲዮ ያላችሁ ሞክሩት።

»ቅዳሜ ቃላቱን ደግመህ አንብብ። ቅደም ተከተላቸውን ለውጥ፣ ያለፈውን በቃሌ ይዤዋለሁ።»

---

የውርጭ_ሞገድ | ደብረ ብርሃን | ኅዳር 15

ጋሼ፣ ለመልእክትዎ እግዜር ይስጥልኝ። ለሁላችሁም የደረስኩበትን ልጻፍ።

ቾኩን ለመሥራት አንድ ሙሉ ሳምንት ፈጀብኝ። ብረቶቹ በቫርኒሽ ተጣብቀው ስለነበር አንድ በአንድ በቢላ ነው ያላቀቅኳቸው። ቾኩ ገብቶ ትራንስፎርመሩ ሲወጣ ልብሱ ኦሲሎስኮፑ ላይ ክብ ብሎ 90 በመቶ ደረሰ፣ የታችኛው ጎን ሳይደፈጠጥ። የላይኛው ጫፍ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ነበር፤ የሚነዳውን ምልክት ሳነሣ ተስተካከለ። የማይኩን ምልክት ገልብጬ ሳወዳድር በእኔ ድምፅ በግልጽ ልዩነት አለው፤ አሁን ረጅሙ ጎን ወደ ላይ ነው።

ቅድመ ማጉያው ውስጥ አንድ የራሴን ጥፋት አገኘሁ። መሸጋገሪያው ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ በ10 ኪሎ ኦም ላይ ነበር፣ 160 ኸርዝ አካባቢ ነው የሚቆርጠው። መጀመሪያ ወደ 1 ማይክሮፋራድ ልቀይረው ነበር፤ እታገኝ ስለ ወፍራም ድምፅ የጻፈችውን ሳነብ ተውኩት። ለእኔ ጎርናና ድምፅ 160 ትንሽ ከፍ ቢልም አዲስ አበባ ያለው ወዳጄ ቀይሬ ባሰማሁት ጊዜ የድሮውን መረጠ።

ኮምፕሬሰር፣ ሊሚተር፣ ፊልተር፣ በዚያው ቅደም ተከተል ገጠምኩ። ስፋቱ አሁን 7 ኪሎኸርዝ ነው፤ ወዳጄ ሥዕሉን ልኮልኛል፣ ጎኖቹ ተቆርጠው ቀጥ ብለዋል። ጉርምርምታው በባትሪ ጠፋ፤ ዳዮዶቹ ላይ ካፓሲተር ጨምሬ በመብራትም ጠፋ።

ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 20ዎቹን ቃላት ቅደም ተከተላቸውን ለውጬ አነበብኩ። ውጪው ውርጭ ስለነበር አንቴናው ነጭ ሆኖ ነበር። አጎቴ ስልክ ሲደውሉ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በብርዱ ብቻ አይደለም። 17 አግኝተዋል። «ፈላ» ፈላ ሆነ፣ «ቀዳ» ቀዳ ሆነ። «ይሰማል»ን ሁለቱንም ለይተው ነው የጻፉት፤ አንደኛው ጎን «ላልቶ»፣ ሁለተኛው ጎን «ጠብቆ» ብለው።

የቀሩት ሦስቱ «ሳቀ»፣ «ፀዳ» እና «ሠራ» ናቸው፤ «ሠራ»ን «ፈራ» ብለውታል። ሦስቱም በስና በፀ የሚጀምሩ ናቸው። እታገኝ፣ ከ2 እስከ 3.5 ያለውን 6 ሳይሆን 9 ዴሲቤል ላድርገው? ወይስ ማይኩን ወደ ጎን ያዘነበልኩት በዝቶ ይሆን? ሁለቱንም ለየብቻ ቀድቼ ነገ ማታ እለጥፋለሁ፤ ሰምታችሁ ንገሩኝ።

---

እታገኝ_ሳውንድ | ደብረ ብርሃን | ኅዳር 15

ማይኩን መጀመሪያ። 45 ዲግሪ ካዘነበልከው ወደ 20 መልሰው፤ ቅጥነት ያለው ድምፅ ከማይኩ ጎን ሲመጣ ነው የሚጠፋው። ኢኮላይዘሩን አትንካው፣ 9 ካደረግክ ሸ ጆሮ ይወጋል። ቀረጻውን ስትልክ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ባና፣ በዚያው ሰዓት ቅዳው።